«ይድረስ ከ…»

አንድ ክረምት ለአንድ መሥሪያ ቤት አነስተኛ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሌሊት የተጠናቀረውን ሪፖርት ታነሣና ለሚመለከታቸው ሰዎች በኢሜይል ትልካለች። ከተርሚናል የምትታዘዝ ናትና መስኮት የላትም፣ የሚጫን ምስል የላትም፤ ከሰው ጋር የምትነጋገረው በትእዛዝ ቃላትና በአንድ የኮንፊግ ፋይል ብቻ ነው። የሚያዝዟት የጎንደር ልጆች ስለሆኑ የአማራጮቿን ስም በአማርኛ ላድርገው ብዬ ተነሣሁ። ተቀባዩን «ለ»፣ ላኪውን «ከ» አልሁት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምን አለ?

አጎቴ በዚያ ሰሞን ቡና ሊጠጡ መጥተው ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤ ሲያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ቁጥሩና ቀኑ ላይ ነው።

«ይኸ ‹ከ› ያልኸው ማን ነው?»

«ላኪው ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተው! በድሮው ደብዳቤ ‹ከ›ማ ተቀባዩ ነው። ይድረስ ከእገሌ ይባል የለም ወይ?»

እውነታቸውን ነው። በምኒልክ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎችን ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፤ «ይድረስ ከ» ተብሎ የሚጠራው ደብዳቤው የሚያርፍበት ሰው ነው። ዛሬም በእኛ አገር «ከቤት አለ» ሲባል ቤት ውስጥ ነው ማለት እንጂ ከቤት ወጣ ማለት አይደለም። የእኔ «ከ» መነሻ ነው፣ የእሳቸው «ከ» መድረሻ። አንዲት ፊደል ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይዛ የትእዛዝ መስመር ላይ ስትቀመጥ፣ አንድ ቀን ደብዳቤው ተገልብጦ ለላኪው ይሄዳል። እዚያው «ላኪ» እና «ተቀባይ» ብዬ ቀየርሁት፤ ረዘመ፣ ግን አያሻማም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያልለቀቀኝ ግን ፊደሏ ሳትሆን ከፊቷ ያለው ግሥ ነው። ይድረስ። የደብዳቤው ባለቤት በወረቀቱ ራስጌ «ልኬያለሁ» አይልም። ስላደረገው ነገር ምንም አይመሰክርም፤ የሚመኘውን ብቻ ይናገራል። «ይማርህ»፣ «ይቅናህ» እንደምንለው ነው፤ ነገሩ ከተናጋሪው እጅ ውጭ መሆኑን የሚያምን አነጋገር። ማመኑም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጎንደር የወጣ መልእክተኛ ወገራን አቋርጦ፣ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ትግራይን አልፎ ነው ምጽዋ የሚደርሰው። ክረምት ከሆነ ተከዜ ይሞላል። ሽፍታ አለ፣ ወባ አለ፣ የበቅሎ ሞት አለ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ጸሐፊ «ተልኳል» ብሎ እጁን ማራገፍ ያፍራል።

የዘመኑ መሣሪያ አያፍርም። አስገቢ ቁልፍ በተጫነ በሁለት ሴኮንድ «ተልኳል» ይላል። የእኔም ፕሮግራም ትል ነበር።

ውስጡን ላየው ሰው ኢሜይል ዛሬም በእጅ የሚሄድ መልእክት ነው። ኢሜይል የሚተላለፍበት የኤስኤምቲፒ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የደነገገው ንግግር እስካሁን አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ላኪው ማሽን ተቀባዩን ሰርቨር ያንኳኳና ማንነቱን ይናገራል፤ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ይናገራል፤ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ጽሑፉን ያስረክባል። ሰርቨሩ ከተስማማ 250 የምትል ቁጥር ይመልሳል። እንግዲህ ብዙው መሣሪያ «ተልኳል» የሚለው ይህችን 250 አይቶ ነው። የ250 ትርጉም ግን «ኃላፊነቱን ወስጃለሁ» ነው፤ ከዚህ አይዘልም። ለሚቀጥለው ያሻግረዋል ወይም ካልቻለ ያሳውቃል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የታወቀ ቃል አለ፤ መረከብ። አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ዕቃው ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ይዛወራል። መላክ፣ መረከብ፣ መድረስ፤ ኢሜይል የሚልክ መሣሪያ የሚሠራ ሰው እነዚህን ሦስት ግሦች ሳይቀላቅል መያዝ አለበት ባይ ነኝ። አማራጭ ሁሉ፣ የኮንፊግ መስመር ሁሉ፣ ስክሪን ላይ የሚወጣ ቃል ሁሉ ከሦስቱ የአንዱ አገልጋይ ነው፤ የቱን እንደሚያገለግል ካልተናገረ ውሸት መናገር ይጀምራል።

ከዚሁ አገር ወጥቶ፣ ተረካቢ አግኝቶ፣ የታለመለት አገር ደርሶ፣ ግን መድረሱ ለላኪው ያልተነገረ አንድ ደብዳቤ እናውቃለን። በጥቅምት 1855 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ የባሕሩን በር ቱርክ ይዞታልና መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ ጠየቁ። ደብዳቤውን ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡት። የንጉሡ ሐሳብ ራሱ ይዞት እንዲሄድ ነበር፤ እሱ ግን ደብዳቤውን ወደ ጠረፍ አሻግሮ ራሱ ወደ ሱዳን ድንበር አቀና። ደብዳቤው በዚያው ዓመት የካቲት ለንደን ገባ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተቀበለው፣ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አዛወረው፣ እዚያም ከፋይል መካከል ተኛ። ካሜሮን ያለ መልስ ተመልሶ መጣ፤ በ1856 ዓ.ም ታሰረ። መልሱን የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ይዞ ንጉሡ ዘንድ የቀረበው በ1858 ዓ.ም ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ የሆነውን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የጦርነቱ ምክንያት አንድ ደብዳቤ ነው የሚል የዋህ አይደለሁም። እኔን የሚይዘኝ በመካከል ያለው ጊዜ ነው። ጎንደር ላይ፣ ኋላም ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ዝምታው ምን ማለት ነበር? መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ገና እየሄደ ሊሆን ይችላል። ደርሶ ተንቆ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፤ ማለትም ምንም ድምፅ የላቸውም። ሰው ደግሞ ዝምታን ባዶ አድርጎ መተው አይችልም፤ ከሦስቱ የሚያስቆጣውን መርጦ ይሞላዋል። «ያልመለሱልኝ ንቀውኝ ነው» ማለት «ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ተረስቶ ነው» ከማለት ይቀላል። ንጉሥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የእኔን ትንሽ ፕሮግራም ከዚህ ጎን ማቆም ድፍረት ይመስል ይሆናል። ግን በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኔ በማልቆጣጠረው ምክንያት መሥመሩ ሲጠፋ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ፖስትፊክስ የሚባል የመልእክት ሰርቨር ሥራውን አላቆመም ነበር። ማታ ማታ የታዘዘውን ደብዳቤ ከፕሮግራሟ ይረከባል፣ 250 ይላል፣ ወረፋ ያስይዛል። ፕሮግራሟም ይህን አይታ «ተልኳል» ትላለች። መሥመር የለም፣ ደብዳቤው ከእኔ ጠረጴዛ አንዲት ስንዝር አልራቀም፣ ስክሪኑ ግን በየማለዳው መላኩን ይመሰክራል። ፖስትፊክስ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው አንድን ደብዳቤ ይዞ የሚሞክረው ለ5 ቀን ነው። በ5ኛው ቀን ተስፋ ይቆርጥና «አልቻልሁም» የሚል ደብዳቤ ለላኪው ይመልሳል። እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ያውም የዚያን ማሽን የመልእክት ሳጥን ከፍቼ የማየት ልማድ ስላልነበረኝ ከዚያም ዘግይቼ።

ለምን በመካከሉ አልነገረኝም? የኮንፊግ ፋይሉን ከፍቼ አየሁ። «ዲሌይ ዋርኒንግ ታይም» የሚባል መስመር አለ፤ ደብዳቤ ወረፋ ላይ ስንት ሰዓት ሲቆይ ላኪው «ገና አልሄደም» ተብሎ ይነገረው የሚለውን የሚወስን ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ወዲያው አይደለም፤ ዜሮ ማለት ጭራሹን አትንገረው ማለት ነው። ሴንድሜይል የሚባለው ሽማግሌ ወንድሙ በ4 ሰዓቱ ይናገራል። ይቺ ዜሮ ብዙ አሳሰበችኝ። የጻፋት ሰው ክፋት የለበትም፤ መሥመር በሚጠፋ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳይጎርፍ ብሎ ይመስለኛል። መሥመር ብዙም የማይጠፋበት አገር ሰው ነው። እኔ 4 አደረግኋት። በዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው «ገና ነኝ» የሚል ቃል ከ«ደርሻለሁ» እኩል ዋጋ አለው።

ፕሮግራሜም ከዚያ ወዲህ «ተልኳል» አትልም። «ሰርቨሩ ተረክቧል» ትላለች፤ የተረካቢውንም ስም አብራ ታወጣለች። ስሙ የራሴ ኮምፒውተር ከሆነ፣ ያየው ሰው ራሱ ይስቃል።

ከመድረስ በኋላ ደግሞ መነበብ አለ። ደንቡ ሲጻፍ የእኛን ፊደል ያሰበ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። የደብዳቤው ርእስ ሲጓዝ ተጠቅልሎ በቁራጭ ነው፤ በአንድ ቁራጭ ውስጥ የሚገባው 15 ፊደል ገደማ ነው። መሣሪያው ቁራጩን በፊደል ሳይሆን በባይት ከቆረጠ «ለክቡር»ን ከ«ቡ» ወገቧ ላይ ይከፍላትና ተቀባዩ ዘንድ ጥቁር የጥያቄ ምልክት ሆና ትደርሳለች። አንድ መስመር ከ998 ባይት መብለጥ የለበትም የሚል ደንብም አለ፤ በእኛ ሲተረጎም 332 ፊደል ነው፤ በረጅም ዓረፍተ ነገር ለሚያምን አማርኛ ጸሐፊ ምንም ማለት አይደለም። ጊት የሚባለው፣ ኋላ የምመለስበት መሣሪያ የኢሜይል መላኪያ አለው፤ ጽሑፉ ከእንግሊዝኛ ፊደል ሲወጣበትና ምን ዓይነት እንደሆነ ካልተገለጸ፣ በምን ልንገር ብሎ ይጠይቃል፤ መልካም ጠባይ ነው። በነገራችን ላይ፣ በደንቡ የደብዳቤ መጨረሻ የሚታወቀው ለብቻዋ በአንድ መስመር በቆመች ነጠላ ነጥብ ነው። ሴንድሜይልም ከተርሚናል ሲጻፍለት እንደዚያው ስለሚረዳ፣ ብቸኛዋን ነጥብ እንዳያያት የሚከለክል አማራጭ አለው። ባለ አራት ነጥብ ሕዝብ በዚህ በኩል ተርፏል።

ወደ ግልባጭ ልምጣ፤ ነገሩ የሚበዛው እዚህ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤያችንን መልክ ሁሉም ያውቀዋል። በቀኝ ራስጌ ቁጥርና ቀን፣ በግራ «ለ»፣ ከመካከል «ጉዳዩ»፣ ከግርጌ ፊርማና ቲተር፣ ከሁሉ በታች በግራ በኩል «ግልባጭ» እና ዝርዝሩ። ልምድ ያለው ሠራተኛ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው። ለቀበሌው የተጻፈ ደብዳቤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ብቻ ከሆነ ሥራ ነው፤ ለዞኑ ከሆነ ማሳሰቢያ ነው፤ ለዞኑም ለክልሉም ከሆነ ግን ወንበሩ መነቅነቁ ነው። ጽሑፉ አንድ ቃል ሳይቀየር ትርጉሙ በግልባጩ ይቀየራል። እንዲያውም አንዳንዱ ደብዳቤ የሚጻፈው ለተጻፈለት ሰው አይደለም፤ ለግልባጩ ነው። ስለዚህ ግልባጭ ላይ ስም የሚጨምር ሰው ወረቀት አባዛ አይባልም፤ ነገሩን ለወጠው እንጂ።

አሁን መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ግልባጭ ሲጨምርስ?

ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል ሥራ የጀመረው መሣሪያ ነው። የከርነሉ ሰዎች እስከ ዛሬ የኮድ ለውጣቸውን፣ ፓች የሚሉትን፣ የሚለዋወጡት በኢሜይል ነው፤ ለዚህም ከጊት ጋር ሴንድ-ኢሜይል የሚባል ትእዛዝ ይመጣል። በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በራስጌው የግሬግ ክሮአ-ሃርትማን ስም ከ2002 እና ከ2005 ዓመታት ጋር ሰፍሯል። ይህ ትእዛዝ አንድ ብልህ ወይም አደገኛ ነገር ያደርጋል፤ ፓቹን ያነብና በውስጡ ስማቸው የተጠቀሰውን ሰዎች፣ ደራሲውን፣ ፊርማውን ያኖረውን፣ ሌላም ሌላም፣ ግልባጭ ላይ ያስገባል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ የሚመለከተው ሰው ሳያውቅ እንዳይቀር። ግን ትእዛዙን የጻፈው ሰው እነዚያን አድራሻዎች በጣቱ አልጻፋቸውም።

ታዲያ መቼ ይጠይቅ? ሁልጊዜ ይጠይቅ የሚል ወገን አለ፤ ጭራሹን አይጠይቅ፣ ያዘዝሁት አዋቂ ነኝ የሚልም አለ። ሁለቱንም የሚያስተናግድ አማራጭ ትእዛዙ ውስጥ አለ፤ «ኮንፈርም» ይባላል። የሚገርመኝ ማንም ምንም ሳይነካው የሚሠራበት አኳኋን ነው። በራስህ እጅ ላዘዝኸው ለተራው ፓች አይጠይቅህም። መግቢያ ደብዳቤ በእጅህ ከጻፍህ ግን ይጠይቃል፤ ከራሱ ግልባጭ ከጨመረም ቆሞ ዝርዝሩን ያሳይህና ይላክ ወይ ይላል። በመጀመሪያው ጊዜ ለምን እንደጠየቀህ፣ ካልፈለግኸውም የት እንደምታጠፋው በጥቂት መስመር ያስረዳሃል።

ይህን ለክተው ያስቀመጡት ሰዎች በልባቸው ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ እኔ የምወስደው ግን ይህ ነው፦ ሰው የተናገረውን ደግሞ መጠየቅ መጠራጠር ነው፤ ሰው ያልተናገረውን ጨምሮ ዝም ማለት ግን ክህደት ነው። ጥያቄው መቀመጥ ያለበት በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ስንጥቅ ላይ ነው፤ ሰውየው ባለውና መሣሪያው ሊያደርግ በተነሣው መካከል። ሁልጊዜ የሚጠይቅ መሣሪያ በየቢሮው በር ላይ እንዳለው ፍተሻ ይሆናል። መጀመሪያው ሳምንት ቦርሳ ይከፈታል። በወሩ ቦርሳው ከፍ ተደርጎ ይታያል። በዓመቱ ፈታሹም ተፈታሹም ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ፤ ያን ቀን ቦርሳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የ«አዎ» ጣት ዓይን የላትም።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ፕሮግራሜን እየሞከርሁ ሳለሁ አንድ ቀን ተቀባይ ብዬ የራሴን አድራሻ ጽፌ፣ ርእሱን «ሙከራ፣ አትዩት» ብዬ አዘዝሁ። ደብዳቤው ለእኔና ለሌሎች 40 ሰዎች ሄደ። አንደኛው ደውሎ «ምኑን ነው የማላየው?» አለኝ። ስሕተቱ የራሴ ነበር፤ የመጣበት መንገድ ግን ማየት ይገባዋል። እውነተኛው የተቀባዮች ዝርዝር በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ነበር። እኔ በትእዛዝ መስመሩ ላይ የጻፍሁት ያንን የሚሽር መስሎኝ ነበር፤ የጻፍሁት ኮድ ግን የሚደምር ነበር።

በአገራችን ሕግ ትምህርት የሚባለው የታወቀ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከአዋጅ፣ አዋጁ ከደንብ፣ ደንቡ ከመመሪያ ይበልጣል። የላይኛው የታችኛውን ይሽራል። ኮንፊግ የተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑን ለሚጠቀም ሁሉ የተደነገገ ፋይል አለ፤ ለአንዱ ተጠቃሚ የተጻፈ ፋይል አለ፤ ለአንዱ ሥራ ብቻ የተጻፈ አለ፤ ከሁሉ በታች ደግሞ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በትእዛዝ መስመር ላይ የተጻፈችው ቃል አለች። የምታሸንፈው ይህች የመጨረሻዋ ናት። መመሪያው አዋጁን ይሽራል፤ የዘበኛው ቃል ሕገ መንግሥቱን ይሽራል። ለሰው አገር አስፈሪ ሥርዓት ነው፤ ለመሣሪያ ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ፋይሎቹን የጻፈውም አሁን የሚያዘውም ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ያሰበው ዛሬ ያሰበውን እንዲገዛው አይገባም። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላሰብሁት ዝርዝርን ነው። አንድ ስም ሌላውን ስም ይተካል፤ ዝርዝር ግን ሲገናኝ የመደመር ጠባይ አለው፤ አድራሻ የሚቀበል አማራጭ ደጋግሞ ሲጻፍ መደመር አለበት፣ አለዚያ ለሁለት ሰው መላክ አይቻልም። ታዲያ ኮንፊግ ላይ ያለው ሲገጥመው ይደመር ወይስ ይሻር? ጊት ለዚህ «ኖ-ቱ»፣ «ኖ-ሲሲ» የሚሉ ማጥፊያዎች አበጅቷል፤ ከፋይሉ የመጣውን ዝርዝር ጠርገህ ከባዶ እንድትጀምር። የእኔም ፕሮግራም አሁን ትሽራለች፤ መደመር የፈለገ ሰው «ጨምር» ብሎ መጻፍ አለበት።

ከዚያች የ40 ሰው ቀን በኋላ ሌላም ፈተና መጣብኝ። ፕሮግራሟ ዝም ብላ ስትታዘዝ ጨርሶ እንዳትልክ፣ ማሳያ ብቻ እንድታወጣ፣ ለመላክ ግን «ላክ» የሚል ቃል እንድትጠይቅ አደረግሁ። ድራይ-ረን የሚሉትን ጥንቃቄ ዲፎልት ማድረጌ ነው። ልቤ ዐረፈ። በሳምንቱ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሳይ አቋራጭ ስም አውጥቶላት፣ «ላክ» የሚለውን ቃል ውስጡ ቀብሮታል። አልተቆጣሁትም፤ እኔም አደርገው ነበር። ያለ ፍርሃት የሚደጋገም ጥንቃቄ የሚጨርሰው እንዲህ ነው። አሁን ፕሮግራሟ ለለመደችው ዝርዝር ሳትጠይቅ ታስረክባለች። ዝርዝሩ ካለፈው ጊዜ አንድ ስም እንኳ ከጨመረ ግን ትቆማለች፤ አዲሱን ስም ብቻ ነጥላ ታወጣለች።

ከመላክ በፊት የማንበብን ነገር በደንብ ያሳየኝ ግን ኮምፒውተር አይደለም። በመስከረም ለግል ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄጄ በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ላስቲክ ወጥረው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አጠገብ ቆምሁ። ከወገራ በኩል የመጡ አሮጊት ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ከሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አስገብቶ እስክሪብቶውን አነሣ።

«እናቴ፣ ለማን ይድረስ ልበል?»

«ለዳኛው በለው፣ ልጄ።»

«ግልባጭስ?»

«ግልባጭ ምንድር ነው?»

«ሌላ ማን ይወቅልዎት?»

አሰቡበት። «እግዜር ያውቀዋል። ሌላ ማንም አያስፈልግ።»

ጸሐፊው ሳይስቅ ጻፈ። ጉዳዩን ከአፋቸው እየሰማ፣ እሳቸው አንድ ሰዓት የተናገሩትን አንድ ገጽ አደረገው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «አንብቤ ላሰማዎት» አለ። ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«በሬው አንድ ነው። ሁለት አላልሁም።»

ወረቀቱ ተቀደደ። እንደገና ተጻፈ፣ እንደገና ተነበበ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። በዋጋው ላይ አንድም ሳንቲም አልጨመረባቸውም።

«እንግዲህ ይደርሳል?» አሉት።

«ዋናውን መዝገብ ቤት ያስገባሉ። ይችን ሁለተኛዋን ግን እንዳይሰጧቸው፤ ማኅተም ያስመቱባትና ቁጥር ያስጽፉባት። ነገ አላየንም ቢሉ ያችን ያሳያሉ።»

አሮጊቷ ሁለቱን ወረቀት ለየብቻ አጠፏቸው። አንደኛውን በእጃቸው ያዙ፤ ካርቦን የለቀቀባትን፣ ሰማያዊ የሆነችውን፣ ከመቀነታቸው ሥር አስገቧት። ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ።

«ለምሳ ሳይወጡ ልድረስ» አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ።